ከእግሩ የነፋሁት ዋሽንት

አርባ ዓመት ሙሉ «በወጣትነቴ ዋሽንት ነፊ ነበርኩ» እያለ የኖረ ሽማግሌ፣ በሰቆጣ ገበያ መሀል፣ ዘመድና ባዳ እያየው፣ ዋሽንቱን ገልብጦ በታችኛው ጫፍ ቢነፋው ምን ይሉታል? የሌላውን አላውቅም። እኔን ግን ሻጩ፣ እግዜር ይስጠው፣ በትሕትና ነው የነገረኝ።

«አባቴ፣ እሱ እግሩ ነው። አፉ ወዲህ ነው።»

የዚያን ዕለት ሞኝነቴ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ለመጻፍ እስክሪብቶ ባላነሣሁ ነበር። አላበቃም። እንዲያውም ያ መግቢያው ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቼ፣ ሥራዬ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ፣ ከሰዓት ደግሞ ሰው ያወራውን ማረም ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍል ሰው ማለት ያልሠራውን ወንበር፣ ያልገዛውን ጠረጴዛ በስሙ ፈርሞ የሚረከብ ማለት ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ባለቤቴ ታደሉ ትባላለች፤ ከሰቆጣ ብዙም የማትርቀው የዝቋላ ልጅ ናት። ያገኘኋትም እዚያው ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ዝቋላ ውስጥ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ የቀን ሠራተኞችን ስም እየጠራሁ እመዘግብ ነበር። ካምፓችን ከገደሉ ወዲህ፣ የእነ ታደሉ መንደር ከገደሉ ወዲያ፣ በመሀል ወንዝ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አንድ ዋሽንት ይሰማል። ገደሉ ድምፁን እየተቀባበለ ስለሚያዞረው ከወዴት እንደሚመጣ አይለይም። ሠራተኛው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ያዳምጣል። ዜማው መሀል ላይ፣ ነፊው ትንፋሽ ያጠረው ይመስል፣ ቀጥ ይላል። ሰው ሁሉ «ተወው እንዴ?» ሲል፣ ድንገት ወደ ላይ ይወጣል። እዚያች ቦታ ላይ ምግብ የምትሠራልን ሴትዮ ሁልጊዜ «እሰይ!» ትላለች። ነፊውን ግን ያየ የለም።

አንድ ቀን ወንዝ ብወርድ ታደሉን ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሰላም ብያት ሁለት ጊዜ ዘግታኛለች። ያን ቀን ግን ራሷ ጀመረች።

«ያን ዋሽንት ትሰማዋለህ?»

«እሰማለሁ።»

«ማን እንደሚነፋው ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ ጨዋ ሰው «አላውቅም» ይላል። እኔ ፀጉሬን ዳበስ አድርጌ «እኔ ነኝ እንጂ ማን ሊሆን!» አልኳት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ካምፕ ተመልሼ ለጓደኞቼ «ልጅቱ በፍቅር ተንቀጠቀጠችልኝ» ብዬ አወራሁ።

በዚህም አላበቃሁም። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር «እዪ፣ ከአንቺ ጋር ስቆም ዋሽንቱ ዝም ይላል። ነፊው ሌላ ቢሆን ኖሮ አሁን አይሰማም ነበር?» እላታለሁ። እውነትም ዝም ይል ነበር። እኔ ራሴ ይገርመኝ ነበር። የማላውቀው ነፊ ምን ያህል ደግ ሰው ቢሆን ነው ለእኔ ሲል ዝም የሚለው እያልኩ እመርቀው ነበር።

«እውነትህን ነው» ትለኛለች ታደሉ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

ተጋባን፤ ሰቆጣም ገባን። ቀጥሎ የመጣው የሰበብ ዘመን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዋሽንቴ ተሰበረ። ቀጥሎ «የመንግሥት ሠራተኛ ዋሽንት ሲነፋ ቢታይ ደግ አይደለም» አልኩ። ከዚያ ደረቴን አመመኝ። በመጨረሻ የላይኛው ጥርሴ አንድ በአንድ ረግፎ ሲያልቅ፣ ሌላው ሰው ጥርሱን ሲያጣ ያዝናል፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ። ጥርስ የሌለውን ሰው ዋሽንት ንፋ የሚል ማን አለ? በዚያች ድዴ ስንት ዓመት በሰላም ኖርኩባት!

ምን ያደርጋል፤ የበኩር ልጃችን ደሴ ድረስ ወስዶ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጠመልኝ። ልጅ ሲባረክ ለአባቱ ይህን ያደርጋል። በዚያው ሰሞን የልጅ ልጃችን ሰላም ሠርግ ደረሰ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ታደሉ እጇን ታጥባ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«እንግዲህ ጥርስህም በቀለ። ለልጅቱ ሠርግ ያን የወንዙን ዜማ ትነፋላታለህ።»

ሰላም ብድግ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ እውነት? እማዬን በዋሽንት እንዳገባሃት ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ እኮ!»

«ነገ ገበያ ነው» አለች ታደሉ፣ ወደ እኔ ዞራ። «አንቱ ራስዎ መርጠው ይግዙ። እኔ ቤት ነኝ።»

ታደሉ በአዘቦቱ «አንተ» ናት። «አንቱ» ያለችኝ ዕለት እግሬ ቢሰበር ይሻለኛል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ዘዴ ይዤ ነው የተነሣሁት። ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሬ፣ አቧራ ለብሼ፣ «የዘንድሮ ዋሽንት ሁሉ የተሰነጠቀ ነው» ብዬ ልመለስ። ቀላል ነገር። ባዶ እጄን ሄጄ ባዶ እጄን መመለስ የለመድኩት ሥራ ነው።

ዱላና ጅራፍ ከሚሸጥበት ጥግ ሞላ የሚባል ሰው ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ይሸጣል። ዋሽንቶቹንም ራሱ ነው የሚሠራቸው። በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ አየኝና፦

«አባቴ፣ ዱላ ፈለጉ?» አለኝ።

ዱላ! እኔን! ይህ ሰው አፉን ቢዘጋ ኖሮ ቤቴ በሰላም እገባ ነበር።

«ምን ዱላ ትለኛለህ? ዋሽንት ነው የምፈልገው!»

«ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው! እኔ ዝቋላ ላይ ስነፋ ሠራተኛ አካፋውን ጥሎ ነበር የሚያዳምጠው!»

ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ ሦስት አራት ሰው ቆመ። ሞላ እጁን ጭኑ ላይ ጠርጎ ተነሣ።

«እሰይ! ዛሬ አዋቂ ገዢ አገኘሁ። እንግዲያ የእኔን ደንብ ያውቁታል። እኔ ሳይነፋ ለሚገዛ ሰው አልሸጥም። ሳይነፉት የሄደ ዋሽንት ኋላ ለእሳት መቆስቆሻ ነው የሚሆነው። ይምረጡና ይንፉት።»

መረጥኩ። ቀይና አረንጓዴ ክር የተጠመጠመበት፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ። የቢሮ ወንበርም እንዲሁ በቀለሙ ነበር የምመርጠው። ከዚያ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ፤ በእግሩ በኩል ነፋሁት።

«አባቴ፣ እሱ እግሩ ነው። አፉ ወዲህ ነው።»

«አውቃለሁ!» አልኩ። «ውስጡን አቧራ እያራገፍኩ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሦስት የነበረው አሥር ሆነ። አሁን እንግዲህ መነሻዬን ረሳሁት፤ ባዶ እጄን መመለሱንም፣ ዘዴውንም። ዋሽንቱን አዞርኩት፤ ደረቴን እስኪችለው ሞላሁት፤ ዓይኔን ጨፈንኩና ነፋሁ።

ዋሽንቱ ትንፍሽ አላለም። ጥርሴ ግን ወጣ።

ተፈናጥሮ አጠገባችን የተፈጨ በርበሬ በምትሸጥ ሴት ክምር ላይ ዓረፈ። ቀይ ጉብታ ላይ ነጭ ጥርስ። ሴትዮዋ አንዴ በርበሬውን፣ አንዴ እኔን አየችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ኧረ የሰው ያለህ! በርበሬዬ ጥርስ አወጣ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ሳቁ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ውኃ ይፈልጋል፤ ያጥበዋል። እኔ አንስቼ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግ አደረግሁና መልሼ አጠለቅሁት። ወገኖቼ፣ ድድ የሚባለው ነገር እንዲያ እንደሚቃጠል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንባዬ ወረደ። አንዱ «እዩ፣ ሽማግሌው በኀፍረት አለቀሰ» ሲል ሰማሁት። በርበሬው ነው። እሺ፣ ጥቂት ኀፍረትም አለበት።

«ውኃ ስጡት» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ዘወር ብዬ ማየት አላስፈለገኝም። ድምፁን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ቤት ነኝ ያለችው ታደሉ ገበያ ናት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከደጃችን ጀምራ እግር በእግር ተከትላኛለች።

ተጉመጠመጥኩ፤ ተፋሁ። ሰው አልተበተነም፤ እንዲያውም ባልና ሚስት ሲገናኙ የሚሆነውን ለማየት ጠጋ ጠጋ አለ። ዙሪያዬን አየሁ። ሌላ ሰበብ ፈለግሁ። በርበሬው አፌን ብቻ ሳይሆን ሰበቤንም ሁሉ አቃጥሎት ነበር መሰለኝ፣ አንዲት እንኳ አጣሁ።

«ታደሉ» አልኳት፣ «እኔ በዕድሜዬ ዋሽንት ነፍቼ አላውቅም። የወንዙም ነፊ እኔ አልነበርኩም። ዋሸሁሽ። ማን እንደነበረም እስከ ዛሬ አላውቅም።»

አርባ ዓመት የበላሁት እንጀራ በዚያ ውሸት የተገዛ ነው ብዬ ነው የማምነው። አሁን «ሂድልኝ» ብትለኝስ? ለልጅ ልጇስ ምን ልትላት ነው?

እሷ ግን አላየችኝም። ዓይኗ ከረጢቱ ላይ ነው።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለችና ቁጢጥ አለች።

ያንን ባለ ክሩን አንስታ ወደ ጎን አኖረችው። «ይኼ ለግድግዳ ነው።» ሌላ አነሣች፤ ወደ ፀሐይ ዘርግታ እንደ መነጽር በውስጡ አየችበት፤ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «ይኼን ስትበሳው ብረቱ በደንብ አልጋለልህም። ጠርዙ ሻካራ ነው።» ሞላ ተቀብሎ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። ሦስተኛውን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋ አጠገብ ያዘችው። «ተሰንጥቋል።»

«የቱ ጋ ነው እናቴ?»

«አይታይም። ይሰማል።»

አራተኛው ላይ ጣቶቿን ደርድራ «ለእጄ ሰፊ ነው» አለች። እኔ ቆሜ የምሰማው ሕልም መሰለኝ። ለእጄ? ምን ቤት ነው እጇ?

ሁለት ብቻ ቀሩ። ሁለቱንም ለሞላ ሰጠችው።

«አንተ ንፋቸው። እኔ ልራቅ።»

«ለምን ይርቃሉ እናቴ? እዚሁ ሆነው አይሰሙም?»

«ዋሽንት አጠገቡ ላለ ሰው አይደለም የሚነፋው፤ ለማዶ ሰው ነው። አጠገቡ ሲቆሙማ ሁሉም ደግ ነው።»

ሄደች። በርበሬውን አልፋ፣ ጨው ሻጮቹን አልፋ፣ አህዮቹ እስከታሰሩበት ድረስ። ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። የገበያው ጫጫታ ከእኛ ዙሪያ ቀነሰ፤ ባለ በርበሬዋ ራሷ «እስቲ ዝም በሉ!» እያለች ሰውን ትገሥጻለች። ሞላ አንደኛውን ነፋ። ታደሉ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛውን ነፋ። ትንሽ ቆየችና ቀኝ እጇን አነሣች።

ተመልሳ ስትመጣ ሞላ ዋሽንቱን በሁለት እጁ ሰጣት። «እናቴ፣ ደንቤን ሰምተዋል። ሳይነፋ አይሄድም። ማን ሊነፋው ነው?»

ታደሉ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበችና ዋሽንቱንም፣ እጇንም፣ ፊቷንም አለበሰችው። ከነጠላው ሥር መጀመሪያ የወጣው አየር ብቻ ነበር፤ ፉ... ፉ...። አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ባለ በርበሬዋ ገላመጠችው። ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ተሰበረ፤ እንደገና መጣ። ከዚያ ዜማው መንገዱን አገኘ።

እዚያች ቦታ ሲደርስ፣ ትንፋሽ ያጠረው መስሎ ቀጥ አለ።

ልቤም አብሮት ቀጥ አለ። ከዚያ ድንገት ወደ ላይ ወጣ፤ እኔም ሳላስበው «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ።

ነጠላዋን ገለጠች። በእርጅናዋ ላይ ያ የወንዝ ዳር ፊት ተመልሶባት ነበር።

«አንቺ ነበርሽ?»

«ማን ሊሆን ታዲያ!»

«እንዴት... ታዲያ ያን ቀን ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ያወቀብኝ ሰው እንዳለ ላጣራ ነበር። የወንድሜን ዋሽንት ነበር ሰርቄ የምነፋው። እሱ ባስቀመጠበት እያጣው ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። አባቴም 'ያ ነፊ ማነው?' ይል ነበር። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ዋሽንት ነፋች ቢባል የመንደሩ መሳቂያ መሆኔ ነው። ምን ላድርግ እያልኩ ስጨነቅ አንተ 'እኔ ነኝ' አልከኝ። ያን ማታ ለቤቱ ሁሉ 'ነፊው ያ የካምፑ ልጅ ነው አሉ' ብዬ አወራሁ። ዳንኩ።»

«ከእኔ ጋር ስትቆሚ ዋሽንቱ ዝም ይል የነበረውስ?»

«አርባ ዓመት ፈጀብህ?» አለችኝ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሞላ ዱላዎቹ ላይ ተደግፎ ሆዱን ያዘ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴን በእጄ ደግፌ። ሳቁ በረድ ሲል ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ ባልጠይቃት በወደድኩ።

«ከተጋባን በኋላስ ለምን ተውሽው?»

ዋሽንቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የቤቱ ዋሽንት ነፊ አንተ ነህ ተብሏል። እኔ ራሴ ነኝ ያልኩት። አንድ ቀን ይገዛል ብዬ ጠበቅሁህ። ብትገዛ ኖሮ አንተ ቢሮ ስትሄድ እነፋው ነበር። አልገዛህም።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሒሳቡን ከፈልኩ። ክርክር አላነሣሁም፤ በሕይወቴ ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ሞላም ዋሽንቱን ለእሷ እየሰጠ «ከፋዩ እርስዎ ነዎት አባቴ፣ ባለቤቷ እሷ ናት» አለኝ። ትክክለኛ ርክክብ ማለት ያ ነው።

በሠርጉ ዕለት ታደሉ መጀመሪያ ነጠላዋን ለብሳ ነፋች። ሰላም ሄዳ ቀስ ብላ ነጠላውን ከፊቷ ላይ አነሣችላት፤ ከዚያ ወዲያ ተሸፍና ነፍታ አታውቅም። እኔስ? እኔ ለሙሽራው ቤተሰቦች የበርበሬውን ታሪክ እያወራሁ ዋልኩ። ሰው ከሚያወራብኝ እኔ ባወራው ይጣፍጣል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ «ከዚህ ምን ተማርክ?» ትሉኝ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የሚማሩት ነገር ቶሎ ቶሎ ይረሳል እንጂ፣ አንዲት አልረሳኋትም። የንብረት ክፍል ሰው ነበርኩ ብያችኋለሁ። በመሥሪያ ቤቱ አንዲት ወንበር ጎድላብኝ አታውቅም። በቤቴ ግን የሰው ንብረት በስሜ ፈርሜ ተረክቤ፣ አርባ ዓመት መጋዘን ቆልፌባት ኖርኩ፤ ባለ ንብረቷ ደግሞ በየቀኑ ምሳዬን ታቀርብልኛለች። ውሸቴ አንድ ቀን አዳናት፤ ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ሁሉ አፏን ያዘባት። ሁለቱንም ያደረገው ያው አንድ ውሸት ነው። እናንተም በየቤታችሁ «የእኔ ነው» የምትሉትን ነገር አንዴ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ስትገልጡት ግን በርበሬ አጠገብ አትቁሙ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተለውጧል። ከሰዓት በኋላ የሰው ወሬ ማረሜን ትቼ ደጅ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የጎረቤት ሴቶችም «ታደሉ፣ ያችን ድገሚልን» እያሉ ይመጣሉ።

ለእኔ ግን የቀረ ነገር አለ። ያን የገበያ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ታደሉ መንገድ ላይ ቆም ብላ «በእኔ ዜማ ስንት ጊዜ ተመስግነሃል» አለችኝ። «አንዲት ጊዜ ብቻ አንተ ንፋልኝ፤ እኔ ማዶ ሆኜ ልስማ። ከዚያ በኋላ ዕዳ የለብህም።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ ይከብደኛል! ሦስት ዓመቴ ነው። እሷ ከጓዳ ስትሆን፣ ጥርሴን አውልቄ፣ ከቤቱ ጀርባ እለማመዳለሁ። ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ ቀይረዋል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ታደሉ ማዶ ተራራው ሥር የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች። ጊዜው ነው ብዬ ጉብታው ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ትንፋሼ ነፋሁ። አመሻሹ ላይ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

«ሰማሽኝ?»

«የሆነ ነገር ሰምቻለሁ» አለች። «ነፋስ መስሎኝ ነበር።»

«ነፋስ ነው ያልሽኝ? እሰይ! አምና አህያ ነበር ያልሽኝ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በዚህ ጊዜ ምን እንደሆነ አወቅሁ።

ዕዳው ግን እንዳለ ነው።